መንግሥትን በየሳምንቱ የሚያወርዱት ጋሼ አስናቀው

በየከተማው መንግሥትን በየሳምንቱ የሚያወርድ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ ከተማ ፀጉር ቤት ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱ ፋርማሲ በር ላይ፣ አንዳንዱ ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን። ጦር የለውም፣ ፓርቲ የለውም፣ ብዙ ጊዜ ጥርሱም ሙሉ አይደለም። ቀን ግን አለው። መንግሥት የሚወድቅበትን ቀን ጠንቅቆ ያውቃል። ከዚያች ቀን ላይ ፈቀቅ አይልም፤ ቀኗ ራሷ ፈቀቅ ካላለች በቀር።

ጎንደር አራዳ ላይ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ጋሼ አስናቀው ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ ሰው ናቸው። ጡረታ በወጡ በሳምንቱ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ተሸክመው መጡና መንበረ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ማመልከቻ ሊጽፉ። የሱቁን ባለቤት መንበረን ያን ቀን «ለጊዜው ነው» ብለዋት ነበር። ስምንት ዓመት ሆነው። እሳቸው በእጃቸው ይጽፋሉ፣ እሷ በኮምፒውተር ትገለብጣለች፤ አንድ ፊደል ከሳተች ወረቀቱ ይመለስላታል።

«አይዘልቅም!» ይላሉ ጧት ጠረጴዛቸውን ሲዘረጉ። የሰላምታቸው ምትክ ናት።

«እንዴት አደሩ ጋሼ አስናቀው?»

«ጥቅምትን አያይም።»

ጥቅምት መጥቶ ይሄዳል። መንግሥት ጥቅምትን አይቶ፣ ኅዳርን አይቶ፣ ገናን አክብሮ፣ ጥምቀት ላይ ንግግር አድርጎ ይመለሳል። መንበረ መጀመሪያ አካባቢ «ምነው ጋሼ፣ ጥቅምት አለፈኮ» ብላ ልታሳፍራቸው ሞክራ ነበር። ሊቀ ማመልከቻ አስናቀው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ በመዝገብ ቤት ቋንቋ መለሱላት። «ቀኑ ተራዘመ እንጂ ውሳኔው አልተሻረም።»

ከዚያ ወዲህ ዝም ትላለች። ዝም ብትልም ግን አይተዉአትም። መብራት ሲጠፋ «ጀመሩ!» ይላሉ። መብራት ሲመጣ «ደንግጠው ነው» ይላሉ። ኢንተርኔት ሲዘጋ «አለቀላቸው»፣ ሲከፈት ደግሞ «ምን ሊነግሩን ነው?» የእግረኛው መንገድ ለልማት ተብሎ ሲቆፈር «የሚሄድ ሰው ነው እንዲህ የሚቆፍር» አሉ። ሱቆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ቀለም ይቀቡ ተብሎ ሲታዘዝ በጣም ተደሰቱ። «ይኸውልሽ መንበረ፣ የከል ቀለም ነው።» የቧንቧ ውሃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ በሚመጣበት ሰፈር፣ አደባባዩ ላይ ቀን ሙሉ ውሃ የሚረጭ ፏፏቴ የተከፈተ ቀን ግን ምንም አላሉም። ዝም ብለው ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ላይ የሚጨመር አልነበረም።

አንድ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ለውይይት ተጠርቶ ነበር። ውይይት ማለት እንደሚታወቀው መድረክ ላይ ያሉት የሚናገሩበት፣ ታች ያሉት ለስላሳ የሚጠጡበት ነው። ጋሼ አስናቀው እጃቸውን አወጡ። መንበረ ጠርሙሷን አስቀምጣ ወደ በሩ አየች። ሰውየው ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ በመድረኩ ላይ የተሰቀለውን ባነር በጣታቸው አመለከቱ።

«አስተያየት አለኝ። መንግሥት የሚጻፈው በንጉሡ ሠ ነው። እናንተ በእሳቱ ሰ ጽፋችሁታል። እሳት ላይ መሆናችሁን እናውቃለን፤ ግን ባነር ላይ ባታወጡት ጥሩ ነበር።»

ተቀመጡ። ሰው ሊስቅ ፈርቶ በአፍንጫው ለስላሳ ወጣው። ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ለመንበረ የነገሯት የመጨረሻ ፍርዳቸው ይህ ነበር፦ «ስሙን መጻፍ ያቃተው መንግሥት አይዘልቅም።»

መንበረን የሚያበሽቃት ትንቢታቸው አልነበረም። የሚያበሽቃት፣ ይህ ሁሉ ከአፋቸው እየወጣ እጃቸው የሚጽፈው ነገር ነው። «ለተከበረው ጽሕፈት ቤት…» ይላል እጃቸው። «በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን» ይላል። ጧት የወረደ መንግሥት ከሰዓት በኋላ በጋሼ አስናቀው ብዕር ተመልሶ ዙፋኑ ላይ ይወጣል፤ ግልባጭም ይደረግለታል። አንድ ቀን ይህንኑ አነሣችባቸው።

«የሌለ ነው የሚሉትን ለምን ይለምኑታል?»

«አንቺ ደግሞ!» አሉ ተቆጥተው። «ለአክብሮት መውደድ አያስፈልግም። ሰዋስው ነው።»

በሚያዝያ ወር አንድ ማክሰኞ ይመኙሽ መጣች። ይመኙሽ ሱቆቹ ያሉበትን ሕንጻ ደረጃ የምትጠርግ ሴት ናት። ከወገራ ወዲያ፣ ስሚዛ ውሃ ከምትባል የደጋ ቀበሌ፣ ውጊያው በደጃፏ ሲያልፍ በጎቿን ለጎረቤት ጥላ፣ ልጇን ሰርካለምን ይዛ የመጣች ናት። ማራኪ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ጧት ጧት እስከ አራዳ በእግሯ ትመጣለች። ልጅቱ ሰባተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ነበር ትምህርት ቤታቸው የተዘጋው። ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣ፣ ዘንድሮ አንድ ደግ ርዕሰ መምህር «መሸኛውን በኋላ ታመጣለሽ» ብሎ ስምንተኛ ክፍል አስገብቷታል። ያ «በኋላ» አሁን ደርሷል። የክልል ፈተና ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል፤ የትምህርት ቢሮው ደግሞ ከትውልድ ቀበሌዋ መሸኛ ካላመጣች አልመዘግባትም ብሏል።

«ታዲያ ሄደሽ አታመጪም?» አለች መንበረ።

«ኸረ እቴ፣ ከማን? ሊቀ መንበሩ ቤተሰቡን ይዞ ወጥቷል። ጸሐፊው የት እንደገባ እንጃ። ቢሮው ቆርቆሮው ተነቅሎ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። ማህተሙንማ ማን ያውቃል፣ ሰዉ ሲሸሽ የወደቀበት ወድቋል።»

ጋሼ አስናቀው ከወንበራቸው ተነሡ። ፊታቸው በራ። ስምንት ዓመት የጠበቁት ዜና ነው።

«ሰማሽ መንበረ? ሰማሽ? አልነገርኩሽም? ሊቀ መንበር የለም! ጸሐፊ የለም! ማህተም የለም! ስሚዛ ውሃ ላይ ወድቋልኮ! በይፋ ወድቋል!»

ይመኙሽ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻቸው። በቁጣ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ሐዘን ቤት ገብቶ ሲዘፍን እንዳገኘ ሰው ነው ያየቻቸው።

«አያ አስናቀው» አለች ቀስ ብላ፣ «ወድቆስ ምን አገኘሁበት? እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ እስኪ ይንገሩኝ። ከወደቀ በኋላ ማን ዘንድ ነው የሚኬድ?»

ጋሼ አስናቀው ለስምንት ዓመት የመውደቂያውን ቀን ሲያሰሉ፣ የማግስቱን ቀን አንድም ሰው ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። ከዚያ ተቀመጡ፣ ነጭ ወረቀት ሳቡ፣ የብዕራቸውን ክዳን በጥርሳቸው አወጡ።

«የልጅቱ ሙሉ ስም?»

ማመልከቻው በግማሽ ሰዓት አለቀ፤ መንበረ ታይፕ አደረገችው፣ ሦስቱም ተያይዘው ወደ ቢሮው ሄዱ። ጋሼ አስናቀው ማመልከቻ ይጽፋሉ እንጂ ተከትለው ሄደው አያውቁም። መንበረም ሱቋን በሥራ ሰዓት ዘግታ አታውቅም። ለምን እንደዘጋች እስከ ዛሬ ድረስ «ቀለም ልገዛ ነበር» ትላለች።

የምዝገባው ኃላፊ ፊልጶስ የሚባል፣ ከሰው በላይ የደከመ ወጣት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት እስከ አገጩ ተከምሯል። ማመልከቻውን አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ 'ቀበሌው ሥራ ላይ ባለመሆኑ' ይላል ይሄ።»

«አዎ።»

«ይህን ተቀብዬ ልፈርምበት አልችልም።»

«ለምን?»

ፊልጶስ ከሥር አንድ ጥራዝ አወጣ፣ ገለጠ፣ አዙሮ አሳያቸው። «የሩብ ዓመቱ ሪፖርት። ስሚዛ ውሃ ቀበሌ፣ 'በሙሉ አቅሙ አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል።' እኔ የለም ብዬ ብፈርም ከሪፖርቱ ጋር ተጋጨሁ ማለት ነው።»

«ኸረ አንተ ልጅ፣ ግድግዳው ብቻ ነው የቀረ!» አለች ይመኙሽ።

«አውቃለሁ እናቴ» አለ ፊልጶስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእኔም አባት የዚያው አገር ሰው ነው። ግን መሸኛ ያስፈልጋል።»

ወጡ። መንበረ ጋሼ አስናቀው አሁን በሩ ላይ ቆመው መንግሥትን ቁልቁል ይለቁታል ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን እስከ ሱቁ ድረስ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት መሰላት። አልነበረም። ረቂቅ ነው።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ጻፉ፣ ሰረዙ፣ ጻፉ። ባለጉዳይ ሲመጣ «ዛሬ ዝግ ነው» እያሉ መለሱ። አንድ ደንበኛ በቀልድ «ጋሼ፣ በስንት ቀን ነው የሚወድቀው?» ቢላቸው፣ ቀና ሳይሉ «አሁን አይወድቅም፣ ሥራ አለኝ» አሉት።

ሐሙስ ጧት አዲሱ ማመልከቻ ፊልጶስ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ በሙሉ አቅሙ አገልግሎት እየሰጠ ከሚገኘው የስሚዛ ውሃ ቀበሌ መሸኛ እንዲመጣልን ስለመጠየቅ። ቢሮው በሩብ ዓመቱ ሪፖርት እንዳረጋገጠው ቀበሌው በሥራ ላይ ስለሚገኝ፣ የተማሪ ሰርካለምን መሸኛ ቢሮው በራሱ ስልክ ወይም በራሱ መኪና እስከ ነገ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እንዲያስመጣልን፣ ይህ የማይቻል ከሆነ ግን ያልተቻለበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲገልጽልን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን።»

ከሥሩ «ግልባጭ» የሚል ነበር። ግልባጩ ለሰባት መሥሪያ ቤት ነው። ሰባተኛው ሪፖርቱን ለጻፈው ክፍል ነበር።

ፊልጶስ አንድ ጊዜ አነበበው። ሁለተኛ አነበበው። ሁለተኛው ላይ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፊቱን በጥራዙ ሸፍኖ ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ሳቁ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ይሄ ግልባጭ ይቅር።»

«ሥርዓት ነው ልጄ። ሠላሳ አራት ዓመት ግልባጭ ሳላደርግ ያወጣሁት ደብዳቤ የለም።»

ፊልጶስ ወረቀቱን ይዞ ወደ ውስጥ፣ ወደ አለቃው ገባ። አንድ ሰዓት ቆየ። ከውስጥ አንድ ጊዜ ጩኸት ተሰማ። ይመኙሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ሲወጣ ግንባሩ አልቦት ነበር።

«ሦስት ምስክር» አለ። «ልጅቱን የሚያውቁ፣ እዚህ እናቷ ጋር እንደምትኖር የሚፈርሙ። ከዚያ እኔ እመዘግባታለሁ። ምስክሮቹ ግን የታደሰ መታወቂያ ይዘው ይምጡ። እስከ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት።»

መንበረ አንድ፣ የይመኙሽ ቤት አከራይ ሁለት። ሦስተኛው ማን እንደሆነ መናገር አላስፈለገም፤ ሁሉም ዞረው ባርኔጣውን አዩ።

የጋሼ አስናቀው መታወቂያ ዘመኑ ካለፈ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ይህን መንበረ አሳምራ ታውቃለች። «የሚሄድ መንግሥት ፎቶዬን ይዞ አይሄድም» ብለው ነው አላሳድስም ያሉት። ኬላ ላይ ተመልሰውበታል፣ ስልካቸው ተዘግቶበታል፣ የእህታቸው ልጅ ሰርግ ቀርቶባቸዋል። አንዲት እርምጃ አላፈገፈጉም። ከመንግሥት ጋር የቀራቸው ትልቁ ጦርነት እሱ ነበር።

«ሌላ ሰው ልፈልግ?» አለቻቸው መንበረ መንገድ ላይ። አዝናላቸው ነበር፤ ማዘኗ ራሷን አስገረማት።

ጋሼ አስናቀው ጥቂት ተራመዱ። «ሱቅሽ ውስጥ የመታወቂያ ፎቶ የምታነሺው ስንት ሰዓት ነው?»

ፎቶው ላይ ባርኔጣቸውን አላወለቁም፣ አልሳቁምም። ዓይናቸው ካሜራውን የሚያየው አንድ ቀን ፍርድ ቤት እንደሚያቆመው ሰው ነው። ዓርብ ጧት በሁለት ሰዓት በሰፈራቸው ቀበሌ በር ላይ ተሰለፉ፤ ከፊታቸው አርባ ሰው ነበር። ሰልፉ ውስጥ የማያውቃቸው የለም።

«ጋሼ አስናቀው! እርስዎም? ጥቅምትን አያይም ሲሉ አልነበረም እንዴ?»

«ዝም በል።»

«ወይስ አስታረቋችሁ?»

«ዝም በል አልኩህ፣ ተራህን ጠብቅ።»

አራት ሰዓት ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ተመለሰ። ከእሳቸው ፊት ሁለት ሰው ሲቀር መብራት ሄደ። ሰው ሁሉ ወደ ጋሼ አስናቀው ዞረ፤ «ጀመሩ!» እንዲሉ ይጠብቃል። ከጎናቸው የቆመችው መንበረ የሰማችው ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው ኮርኒሱ ላይ ያለውን አምፖል ቀና ብለው እያዩ፣ በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው «ና እባክህ… ና እንጂ…» ይሉ ነበር።

አልመጣም። ምሳ ሰዓት ሆነ፣ በር ተዘጋ፣ ከሰዓት ተከፈተ፣ አምፖሉ እንደጠቆረ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሼ አስናቀው ሰልፉን ጥሰው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ውስጥ ያለችውን ሠራተኛ ስሟን ጠርተው ሰላም አሏት፤ ሥራ ስትጀምር መዝገብ አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«ልዕልት፣ ከኮምፒውተር በፊት በምን ነበር የምንሠራው?»

«በእጅ ነዋ ጋሼ።»

«እጅ አለሽ?»

ልዕልት ሳቀች። ከመሳቢያው ሥር አቧራ የጠጣ የድሮ ቅጽ አወጣች፣ ሞላች፣ ፎቶውን ለጠፈች፣ ማህተም አደረገች። ከኋላ ያሉት ሠላሳ ሰዎች ለእኛም በእጅ ይሠራልን ብለው ጮኹ፤ ልዕልት ሁሉንም እስኪመሽባት ሠራችላቸው። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሦስቱ ምስክሮች ፊልጶስ ፊት ቆመው ፈረሙ። ፊልጶስ የሰርካለምን ስም በመዝገቡ ላይ ሲጽፍ ጋሼ አስናቀው በትከሻው ላይ ጎንበስ ብለው አንዱን ፊደል አረሙት።

የፈተናው ቀን ሰኔ ውስጥ ነበር። በዋዜማው ከተማው በወሬ ተናጠ። ወደ ጎንደር የሚያስገባው መንገድ ማክሰኝት ላይ ተዘግቷል፣ የፈተናው ወረቀት አልደረሰም፣ ፈተናው ተሰርዟል። ከሩቅ ተኩስም ተሰምቷል። ጧት መንበረ ሱቋን ሳትከፍት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። እየዘነበ ነው። ይመኙሽ አጥሩ ሥር ፕላስቲክ ተከናንባ ቆማለች፤ ሰርካለም ገና በጧቱ ገብታለች።

«ምን አለችሽ ስትገባ?»

«'እማ፣ ወረቀቱ ካልመጣም የማውቀውን በባዶ ደብተር ጽፌ እወጣለሁ' አለችኝ» አለች ይመኙሽ።

ጋሼ አስናቀው በሩ ላይ ናቸው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እንደቆሙ ጫማቸው ይናገራል። ያገኙትን ፖሊስ ሁሉ «ፈተናው አለ? ወረቀቱ ገብቷል?» እያሉ ይጠይቃሉ። «ይጠብቁ አባት» ይሏቸዋል፤ አምስት ደቂቃ ጠብቀው ተመልሰው ይጠይቃሉ። ባርኔጣቸው ከዝናቡ ብዛት ጆሮአቸው ላይ ወርዷል።

ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከታች በኩል ሁለት ፒክአፕ መኪናዎች በጭቃው እየተንሸራተቱ ወጡ። ከኋላ ወታደሮች ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው በሸራ የተሸፈኑ፣ የፈተናውን ወረቀት የያዙ የብረት ሳጥኖች አሉ። በሩ ላይ የተኮለኮለው ወላጅ መንገድ ለቀቀ። መኪናውን የሚያይ ዓይን ሁሉ ሳጥኑን የሚፈልግ፣ ወታደሩን የሚፈራ ዓይን ነበር።

ሰው ሁሉ እንዲህ ቆሞ ሳለ ጋሼ አስናቀው ባርኔጣቸውን አወለቁ። መንበረ ጸጉራቸውን ያን ቀን ገና አየችው፤ ነጭ፣ ስስ፣ እንደ ሕፃን ጸጉር ነበር። ባርኔጣውን በብብታቸው ያዙና ማጨብጨብ ጀመሩ። ብቻቸውን። ዝናብ በራሳቸው ላይ እየወረደ፣ ሁለተኛው መኪና በሩን እስኪያልፍ ድረስ አጨበጨቡ።

አንድ ወጣት ፖሊስ ፊቱን ከስክሶ መንበረ ጋ መጣ።

«እኚህ ሰውዬ እያፌዙ ነው? የማን ናቸው?»

ጋሼ አስናቀው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው በመዳፋቸው ይጠርጉ ነበር፤ ዝናቡንም ሌላውንም አንድ ላይ።

«የኛ ናቸው» አለችው መንበረ። «ተዋቸው፣ ያጨብጭቡ።»